ባሕሩ ከበቅሎዎቹ ሥር የሸሸ ዕለት

ሱኒልዳ ዓለትን በእግሯ ጣት የምትለይ ሴት ነበረች። ኪንቼል ደሴት ላይ ተወልዳ፣ እዚያው አድጋ፣ እዚያው አግብታ፣ ባሕሩ በጎደለ ቁጥር ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ እየወረደች ኮቻዩዮ የሚሉትን እንደ ጠፍር የረዘመ ቡናማ የባሕር ሣር ስትቆርጥ የኖረች ናት። ትቆርጠዋለች፣ አጥር ላይ ታደርቀዋለች፣ ጠቅልላ ታስረዋለች፣ ወንዶቹ ወደ ዋናው ምድር ወስደው ይሸጡታል። እናቷም ይህንኑ ነበር የሠራችው። የትኛው ዓለት እንደሚያንሸራትት፣ የትኛው ሥር ውኃው እንደሚስብ፣ ባሕሩ መሙላት ሲጀምር የትኛው በኩል መንገድ እንደሚዘጋ ለማወቅ ዓይን አያስፈልጋትም ነበር። ጭጋግ በወረደ ቀን ሌሎቹ ሴቶች ቀሚሷን ይዘው ነበር የሚከተሏት።

ኪንቼል ትንሽ ናት። ቁርሱን በልቶ የወጣ ሰው ዳር ዳሩን ዞሯት ሳይመሽ ቤቱ ይገባል። በስተምዕራብ ገደል ነው፤ ነፋሱ ዓመቱን ሙሉ ስለሚገርፈው እዚያ ያሉት ዛፎች ሁሉ ጀርባቸውን ሰጥተውት ጎብጠዋል። ከገደሉ አናት መሬቱ እየተንሸራተተ ይወርድና የድንቹን ማሳ፣ የበጎቹን መስክ፣ እባብ መሰል ዓሣ የሚርመሰመስበትን ረግረግ አልፎ አሸዋ ላይ ያልቃል። አሸዋው እንደ ድመት ጅራት ተጠማዞ ባሕር ውስጥ ይገባል። በጅራቱና በዳርቻው መካከል የምትገኘው ጸጥ ያለች ውኃ የጀልባዎቹ ማረፊያ ነበረች። ከዚያ የሚወጣም የሚገባም፣ ከጅራቱ ጫፍ ባሻገር ያሉትን «በቅሎዎቹ» የሚባሉ ጥቋቁር ዓለቶች ታክኮ ነው የሚያልፈው። የኪንቼል ልጅ ጡት ሲጥል በመጀመሪያ የሚማረው በቅሎዎቹን አለመንካት ነው ይባላል።

የሱኒልዳ ታላቅ ወንድም ኤሌውቴሪዮ ከዚያ ቦታ ወጥቶ ነው የጠፋው። ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ጧት ከሚስቱ ከኡቤርሊንዳ ጋር ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሰማ። ሸጠህ በምታመጣው ገንዘብ ወይን ትጠጣለህ፣ ልጆችህ ግን ጫማ የላቸውም እያለች ነበር። ኡቤርሊንዳ ምላሷ ምላጭ ነው፤ ስትጀምር ማቆም አትችልበትም። እሱም ኮቻዩዮውንና ድንቹን ጀልባው ላይ ቆልሎ ሄደ። በዚያው ቀረ።

ተፈለገ። በዚያ ሰሞን ጭጋግ እንጂ ማዕበል አልነበረም። መቅዘፊያ አልተገኘም፣ የሸራ ቁራጭ አልተገኘም። ዋናው ምድር ላይ ያለ ነጋዴ ደግሞ ጭነቱን እንደገዛውና ገንዘቡን እጁ ላይ እንደቆጠረለት ተናገረ። ያኔ ሰው ሁሉ መፈለጉን ተወ፤ ባሕር የበላው ሰው ምልክት ይተዋል፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ምልክት ሳይተው የሚጠፋ ግን ሌላ ነው። በዓመቱ ዶን ባልዶቪኖ ከደቡብ ሲመለሱ የነገሩ ቁርጥ ታወቀ። ዶን ባልዶቪኖ ቄስ በሌለባት ደሴት ጸሎት የሚመሩት ሽማግሌ ናቸው፤ ግን በየበጋው ደቡብ ጫፍ ወዳለው ወደብ ወደ ፑንታ አሬናስ እየወረዱ በግ መሸለት የተዉት ዘግይተው ነው። ወደቡ ላይ ኤሌውቴሪዮን አየሁት አሉ። ከኋላው ነው ያየሁት፣ አካሄዱ ግን የራሱ ነው፣ ብጠራው አልዞረም አሉ። ክፋት አልነበረባቸውም። የሩቅ አገር ወሬ ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ያዩትን ትንሽ አስረግጠው ነው የተናገሩት።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሴቶች ተለያዩ። ኡቤርሊንዳ ጥቁር አልለብስም አለች። ለሙታን በሚጸለይበት ቀን የባሏን ስም የሚጠራ ሰው ካለ ቤተ ጸሎቱን ጥላ ትወጣለች። «ባልሽ እንዴት ነው?» ብሎ ነገር ለሚፈልጋት፣ «ደህና ነው፣ የሰው በግ እየሸለተ ነው። እኔን ሸልቶ ጨረሰኛ» ትለዋለች። ሱኒልዳ በበኩሏ አንድ ቀን ሰው መካከል፣ ኡቤርሊንዳ ፊት ቆማ፣ «ወንድሜን በምላስሽ ያባረርሽው አንቺ ነሽ» አለቻት። ከዚያ በኋላ ቃል አልተለዋወጡም። ኮቻዩዮ የሚቆርጡት ግን አንድ ቦታ ነበር። ባሕሩ በጎደለ ቁጥር ሁለቱም በቅሎዎቹ ላይ ይወጣሉ፤ ከዓለቶቹ ጀርባ ውኃው ጥልቅ ነው፣ ሣሩም ከሌላው ሁሉ የወፈረ ነው። አንዷ ወደ ሰሜን አንዷ ወደ ደቡብ ዞረው፣ በረዥም እንጨት መንጠቆ ሣሩን ከሥር እየሳቡ፣ ጀርባ ለጀርባ ተሰጣጥተው ይቆርጣሉ። ኡቤርሊንዳ እየቆረጠች ባሏን ትረግማለች። ሱኒልዳም ብትሆን በልቧ ተቀይማዋለች፤ እኔስ ምን አድርጌው ነው፣ አንድ ቃል መላክ እንዴት ያቅተዋል ትል ነበር።

ዓመታት እንዲህ አለፉ።

እሑድ ነበር፣ ምሳ ተበልቶ። ሱኒልዳ አጥሩ ላይ ያለውን ኮቻዩዮ እያገላበጠች ሳለ ከመሬት በታች የተጫነ ጋሪ ጠጠር ላይ እንደሚጎተት ያለ ድምፅ ሰማች። ምን እንደሆነ ለመጠየቅ ወደ ባሏ ወደ ሶፋኖር ዞር ስትል ጉልበቷ ከዳትና ወደቀች። ልነሣ አለች፤ መሬቱ እንደገና ጣላት። የቤታቸው ጭስ መውጫ ተገንድሶ ጓሮው ውስጥ ወደቀ። የረግረጉ ውኃ ከድስት እንደሚገነፍል ወጥ ወደ ላይ ይዘላል። በምዕራብ በኩል ገደሉ ሲናድ አቧራው ፀሐይዋን ጋረዳት። ኪንቼል ላይ ዝናብ እንጂ አቧራ ማን ያውቃል? ሱኒልዳን ከሁሉ በላይ ያስደነገጣት ያ አቧራ ነበር።

መንቀጥቀጡ ሲበርድ ሩጡ ያለ የለም። ሁሉም እንደ አንድ ሰው ሽቅብ ሮጠ። ሶፋኖር የላሟን ገመድ ይዞ፣ ሱኒልዳ ባዶ እጇን ከኮረብታው አናት ደረሱና ቁልቁል አዩ። ማረፊያው ውኃው ተመጦ ባዶ ሆኗል፤ ጀልባዎቹ ጭቃ ላይ በጎናቸው ተኝተዋል። ከዚያ ባሕሩ መጣ። ሄደ፣ ደግሞ መጣ። ጎተራዎቹን፣ ጀልባዎቹን፣ የአሸዋው ጅራት ላይ የታሰሩትን ከብቶች ጠራርጎ ወሰደ። ሰው አልሞተም። ኮረብታው ላይ ተኮራምተው አደሩ።

ሲነጋ ሱኒልዳ ቁልቁል ስታይ ያየችውን ማመን አቃታት። ባሕሩ ረግቷል፣ ሰማዩም ጠርቷል፣ ነገር ግን ባሕሩ ቦታው ላይ የለም። ትናንት ውኃ የነበረው ሁሉ ጥቁርና ቀይ ዓለት ሆኖ፣ እንደተገፈፈ ቆዳ አብረቅርቆ ተሰጥቷል። በቅሎዎቹ፣ በሙላት ጊዜ ጀርባቸው ብቻ የሚታየው እነዚያ ዓለቶች፣ እንደ ቤት ቆመዋል። እግር አላቸው። ሱኒልዳ ዕድሜዋን ሙሉ ስትወጣባቸው እግር ይኖራቸዋል ብላ አስባ አታውቅም።

ሙላቱን ጠበቁ። ሰዓቱ ሲደርስ ባሕሩ እንደ ልማዱ መጣ፤ መጣ መጣና ሩቅ ቆመ። ከዚያ ተመልሶ ጎደለ። የደሴቲቱ ሰው ሁሉ ዳርቻው ላይ ቆሞ ያየዋል።

«ባሕሩ ሄደ እንዴ?» አለች ሱኒልዳ።

ሶፋኖር ጀልባ የሚያስርበት ምሰሶ ጋ ሄዶ ነበር። ውኃው ሁልጊዜ የሚደርስበትን አረንጓዴ መስመር በመዳፉ ዳሰሰው። መስመሩ ከነበረበት አልተነቃነቀም፤ ውኃው ግን ከምሰሶው ሥር እንኳ የለም።

«ባሕሩ የት ይሄዳል?» አላት። «የተነሣነው እኛ ነን።»

ትንሽ ወደ ታች ሲወርዱ ድምፅ ሰሙ፤ በእሳት ላይ እንደሚፈነዳ እሸት ያለ ጣ ጣ ጣ የሚል። ዓለቱ ላይ የተጣበቀው ዛጎል ሁሉ ፀሐይ መትታው እየተከፈተ፣ እየሞተ ነበር። ሽታው ገና አልመጣም። ሴቶቹ ማንም ሳያዛቸው ቅርጫት ቅርጫታቸውን ይዘው ወረዱ፤ በሕይወት ያለውን እየለቀሙ ወደ አዲሱ የውኃ ዳር ተሸክመው ይጥሉታል። ከአንድ ደሴት ሙሉ ዛጎል የሴት እጅ ምን ያህል ያድናል? ግን ዝም ብሎ ማየት አልቻሉም። ሱኒልዳ እየለቀመች፣ እያዳለጣት፣ በሕይወቷ ረግጣው በማታውቀው መሬት ላይ በቅሎዎቹ ሥር ደረሰች። ኡቤርሊንዳ ቀድማት ደርሳ ነበር።

ከዓለቶቹ ጀርባ፣ ሁልጊዜ በመንጠቆ ከሚስቡበት ጥልቅ ውኃ ቦታ፣ ሰው ቆሞ የሚገባበት ስንጥቅ ተገልጧል። ኮቻዩዮው እንደ ረጠበ ፀጉር ተጋድሞ ሞልቶታል። ሱኒልዳ የሣሩን ጫፍ አነሣች። ሰያፍ ተቆርጧል፤ እናቷ እንዳስተማረቻት፣ እሷ ብቻ በምትቆርጥበት አኳኋን። የቆረጠው የራሷ ቢላዋ ነው። ሥሩ የት እንደያዘ ለማየት እየተከተለች ሳበችው። ሣሩ የበቀለው ዓለት ላይ አይደለም። እንጨት ላይ ነው።

አከርካሪ ነበር፤ የጀልባ አከርካሪ፣ ከሥሯ የሚጋደመው ረዥም ግንድ። ከጎድኖቹ ጥቂቶቹ በአሸዋና በድንጋይ ተቀብረው ተርፈዋል፣ ሌላውን ትል በልቶታል። የጀልባዋ አፍንጫ ላይ ዝገት የበላው የብረት ቀለበት ተሰክቷል። ያን ቀለበት የቀጠቀጠው የሱኒልዳ አባት ነው፤ ክብ ማድረግ ስላልቻለበት እንደ እንቁላል ሞላላ ሆኖ ቀርቶ ቤተ ሰቡ ሁሉ ይስቅበት ነበር። ሱኒልዳ የቀለበቱን ዙሪያ በጣቷ ዳሰሰችው።

ኡቤርሊንዳ ተንበርክካ ከአከርካሪው ሥር አሸዋውን በጣቷ እየጫረች ነበር። የላስቲክ ቦቲ ወጣ። ተረከዙ ላይ የብስክሌት ከመነዳሪ ቁራጭ ተለጥፏል። የለጠፈችው እሷ ናት፤ ማስቲሹ ስላነሳት ዳር ዳሩን በክር ሰፍታው ነበር፤ ክሩም አለ። ቦቲው ባዶ አልነበረም። አቅፋው ቁጭ አለች።

ዛጎሉ በዙሪያቸው ይፈነዳል።

«ሱኒልዳ» አለች በመጨረሻ። ስሟን ከጠራችው ዓመታት አልፈዋል። «ድንጋዩን እዪው።»

በጎድኖቹ መካከል የተቆለለው ድንጋይ ክብ ነበር፣ ነጣ ያለ፣ ለስላሳ። ኪንቼል ላይ እንዲህ ያለ ድንጋይ የለም፤ የደሴቲቱ መሬት ሸክላ አፈርና በእጅ የሚፈረፈር ቡናማ ድንጋይ ብቻ ነው። ክብ ድንጋይ ያለው ዋናው ምድር ላይ፣ ወንዙ ባሕር በሚገባበት ነው። ጭኖ የሄደ ጀልባ ድንጋይ አያስፈልገውም። ሸጦ ባዶውን የሚመለስ ግን እንዳይገለበጥ ሆዱን በዚያ ድንጋይ ይሞላል። ይህን ኪንቼል ላይ የማያውቅ ልጅ የለም።

«የኛ አይደለም» አለች ሱኒልዳ።

«ከወዲያ የጫነው ነው። ሸጦ።»

«አዎ።»

«አፍንጫዋም ወደ ቤት ነው።»

ሱኒልዳ ቀና ብላ አየች። እውነት ነው። ጀልባዋ ከአፍንጫዋ ፊት ለፊት፣ ቅርብ፣ የጎበጡትን ዛፎች፣ ኮረብታውን፣ የኡቤርሊንዳን ጣሪያ ታያለች። ኤሌውቴሪዮ በጭጋግ ውስጥ መጥቶ፣ ቤቱ ደጃፍ ላይ ደርሶ፣ ጡት ሲጥል እንዳይነካ የተማረውን ዓለት ነክቶ ሰምጧል። ስንጥቁ ጀልባዋን አጥብቆ ስለያዛት ምንም ነገር ሳይንሳፈፍ ቀርቷል።

«ባሕሩ በጎደለ ቁጥር እላዩ ላይ ቆሜ ሰድቤዋለሁ» አለች ኡቤርሊንዳ። አላለቀሰችም። «እዚህ ነበር እኮ።»

ሱኒልዳ እጇን አየች። ከላዩ የበቀለውን ስትቆርጥ፣ ስትሸጥ፣ ቀቅላ ስትበላ፣ ልጆቿን ስትመግብ የኖረችበት እጅ ነው። ወደ ዓለቱ ዞራ አስመለሳት። ከዚያ አፏን ጠርጋ መጥታ ኡቤርሊንዳ አጠገብ እርጥቡ ላይ ተቀመጠች።

«አባረርሽው ብዬሽ ነበር» አለቻት።

«ብለሽኛል።»



ወንዶቹ መጡ። ዶን ባልዶቪኖንም ልጃቸው ደግፎ አመጣቸው። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ቀለበቱን አዩ፣ ድንጋዩን አዩ፣ ቦቲውን አዩ። «እኔ ያየሁት ታዲያ ማንን ነበር?» ብለው ጠየቁ። ለልጃቸውም፣ ለሶፋኖርም፣ ለኡቤርሊንዳም ደገሙት፤ ማን ነበር ያ ሰውዬ?

የተገኘውን ያህል ሰብስበው ኮረብታው ላይ ቀበሩት። መሬቱ ገና አልፎ አልፎ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ጉድጓዱ ሁለት ጊዜ ተደርምሶባቸው እንደገና ቆፈሩ። እንደ አገሩ ልማድ ለዘጠኝ ቀን ጸሎት መቀመጥ ነበረባቸው፤ ዶን ባልዶቪኖ ግን በመጀመሪያው ቀን ቀሩ። ሱኒልዳ ልትጠራቸው ሄደች። ግድግዳው የተሰነጠቀ ቤታቸው ውስጥ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው ተቀምጠዋል።

«ዶን ባልዶቪኖ፣ ሰው እየጠበቀዎት ነው።»

«በየትኛው አፌ ልምጣ፣ ልጄ?» አሏት። «በሕይወት አለ ባልኩበት አፍ ነፍሱን ይማር ልበል?»

ኡቤርሊንዳ ተከትላት መጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ከሣጥን የወጣ ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች፣ የማጠፊያው መስመር እንኳ አልለቀቀውም።

«በዚያው አፍዎ ይበሉት» አለች። «እኔም በረገምኩበት አፍ ነው አሜን የምለው። ከየት ሌላ አፍ እናመጣለን?»

ሽማግሌው ተነሡ።

ጸሎቱ ሳያልቅ ሽታው መጣ። ዳርቻው ሙሉ በሞተ ዛጎልና ሣር በስብሶ፣ ሰዉ አፍንጫውን በጨርቅ አስሮ ነው የሚውለው። ኡቤርሊንዳ በዚያ ሽታ ውስጥ በየቀኑ እየወረደች፣ ክቦቹን ድንጋዮች በቅርጫት እየተሸከመች ኮረብታው ላይ መቃብሩን ከበበችበት። ሱኒልዳ ላግዝሽ ስትላት እምቢ አላለችም፤ ነይም አላለችም። አብረው ተሸከሙ። ሁለቱ ጓደኛሞች ሆኑ ማለት አይደለም። ኡቤርሊንዳ ምላሷ ተሰብሮ ዝምተኛ ሆነች፤ ሱኒልዳ ደግሞ ያንን ምላስ እንደናፈቀችው ለሶፋኖር በሹክሹክታ ትናገር ነበር።

ደሴቲቱ ሌላ ደሴት ሆነች። ማረፊያው ደርቆ ስለቀረ ወንዶቹ ከአሸዋው ጅራት ወዲያ ጀልባ የሚያስጠጉበት አዲስ ቦታ እስኪያገኙ ብዙ ተንገላቱ። ረግረጉ ውኃው ቁልቁል አምልጦት ደረቀ፤ ዓሦቹ ጭቃ ውስጥ ተጠማዘው ሞቱ፣ በሚቀጥለው ዓመት ግን እዚያው ላይ ሣር በቀለ፣ ከዚያም ድንች ተተከለበት፣ ድንቹም ያማረ ሆነ። የደሴቲቱ ሰው ግማሽ ያህሉ ግን ያን ድንች አልጠበቀም፤ ጠቅልሎ ወደ ዋናው ምድር ተሻገረ። ከከተማ ባለሙያዎች መጥተው ዓለቱ ላይ የመሬቱን ከፍታ የሚለኩበት የብረት ችንካር ተከሉ። መሬት እንዲህ በአንዴ ከተነሣ በኋላ ቀስ በቀስ ተመልሶ እንደሚወርድ፣ ባሕሩም አንድ ቀን እንደሚመለስ አስረዱ። በኔ ዕድሜ ነው ወይ ብላ ሱኒልዳ ጠየቀች። ከመካከላቸው አንዲቷ ወጣት፣ በልጅ ልጆችዎም ዕድሜ መሆኑን እንጃ አለቻት።

ሱኒልዳ ዳግመኛ ኮቻዩዮ አልቆርጥም ብላ ነበር። ሦስት ክረምት ካለፈ በኋላ በአዲሱ የባሕር ዳር፣ ስም በሌላቸው ዓለቶች ላይ ጣት የምታህል ሣር ስትበቅል አየች። በማግሥቱ ቢላዋዋን ሳለች። እግሯ ግን ያን ቦታ አያውቀውም። እንደ እንግዳ ሰው እየተደናበረች፣ በሁለት እጇ እየደገፈች ነው የምትወርደው። አንድ ጊዜ ወድቃ የእጅ አንጓዋ ተሰብሯል።

አሁን አርጅታለች። በቅሎዎቹ ሥር በግ ይግጣል። የልጅ ልጆቿ እዚያ ሲጫወቱ፣ ባሕሩ እስከ የት ይደርስ ነበር ብለው ይጠይቋታል። ሱኒልዳ ትነሣና እጇን ከራሷ በላይ ዘርግታ፣ በእግር ጣቷም ቆማ ታሳያቸዋለች። ይስቁባታል። እሷ ግን እጇን እንደዘረጋች ትንሽ ትቆያለች፤ ቀና ብላ ጣቷ ያለበትን ታያለች፣ ቁልቁል በጎቹን ታያለች፣ ዛሬም ክው ትላለች።